ጴጥሮስ ተፍጻሜተ ሰማዕት፦ በሞቱ የሚታወቀው ጳጳስ በደብዳቤው ምን ወሰነ?

ኅዳር 29 በደረሰ ቁጥር «የጴጥሮስ በዓል» የሚለው ስም ያደናግራል። አንዳንዱ ሐዋርያው ጴጥሮስ ይመስለዋል፤ ሌላው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በፋሺስት ኢጣልያ ጥይት የተገደሉትን አቡነ ጴጥሮስን ያስታውሳል። በዕለቱ ስንክሳር የሚነበበው ግን የሌላ ሰው ታሪክ ነው፦ በማርቆስ መንበር 17ኛ ሆኖ የተቀመጠው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ጴጥሮስ፣ አባቶች «ተፍጻሜተ ሰማዕት» ያሉት፣ የሰማዕታት ፍጻሜ።

የስሙ መደናገር በዚህ ይጠራል። የከበደው ሌላ ነው። በጥር 2015 ዓ.ም. ከቅዱስ ሲኖዶስ ዕውቅና ውጪ 26 ኤጲስ ቆጶሳት ሲሾሙ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌም በትግራይ ከሲኖዶሱ ውጪ ሹመት ሲፈጸም፣ «ጳጳስ ማን ይሾማል? በማን ሀገረ ስብከት? በማን ፈቃድ?» የሚለው ጥያቄ ከቤተ ክህነት ወጥቶ የአደባባይ ክርክር ሆነ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የኒቅያ ጉባኤ 1700ኛ ዓመት ሲታሰብ ብዙ ጊዜ ይነገር የነበረው የወልድን አምላክነት ስለካደው ስለ አርዮስ ብቻ ነው። ከአርዮስ ክርክር አሥር ዓመት በላይ ቀድሞ ግብጽን ለሁለት የከፈለ ሌላ ጠብ እንደነበረና ኒቅያም እርሱን ለመዳኘት ጭምር እንደተቀመጠ ብዙም አይወሳም። ያ ጠብ የተነሣው በጴጥሮስ ዘመን፣ በራሱ በጴጥሮስ ላይ ነው። ጴጥሮስን በሞቱ ብቻ የሚያውቅ አንባቢ የሥራውን ትልቁን ክፍል ገና አላገኘውም።

ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተጻፈበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሰውየውና ዘመኑ

ስንክሳሩ አባቱ ቴዎዶስዮስ የተባለ ካህን፣ እናቱ ሶፍያ እንደነበሩ፣ በሰባት ዓመቱም ለሊቀ ጳጳሳቱ ለቴዎናስ እንደተሰጠ ይተርካል። ቴዎናስ በ300 ሲያርፍ መንበሩን ተረከበ። የቂሳርያው አውሳብዮስ፣ የዚያው ዘመን ሰውና የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ፣ ጴጥሮስ በመንበሩ 12 ዓመት እንደቆየ፣ ከእነዚህም ስደቱ ሳይጀመር ያለፉት ሦስት ዓመት እንኳ እንደማይሞሉ ጽፏል። የቀረው ዘመኑ በሙሉ የመከራ ዘመን ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። «ዓመተ ሰማዕታት» የሚባለው አቆጣጠር ከ284 ስለሚጀምር ብዙ ሰው ስደቱም ያን ጊዜ የተጀመረ ይመስለዋል። በ284 የሆነው የዲዮቅልጥያኖስ መንገሥ ነው። ንጉሡ ክርስቲያኖችን በዐዋጅ ማሳደድ የጀመረው ከ19 ዓመት በኋላ፣ በፌብሯሪ 303 በኒቆምድያ ከተማ ነው።

ዐዋጆቹ አራት ነበሩ፤ እየጠነከሩም ሄዱ። የመጀመሪያው አብያተ ክርስቲያናት እንዲፈርሱ፣ መጻሕፍት እንዲቃጠሉ፣ ክርስቲያኖች ማዕርጋቸውንና በፍርድ ቤት የመከራከር መብታቸውን እንዲያጡ አዘዘ። ሁለተኛው ካህናትን ወኅኒ አስገባ። ሦስተኛው ለአማልክት የሠዋ ካህን እንዲፈታ፣ እምቢ ያለ እንዲሠቃይ አለ። በ304 የወጣው አራተኛው ሕዝቡን ሁሉ፣ ወንድ ሴት ሳይለይ፣ መሥዋዕት እንዲያቀርብ አስገደደ። በ305 ዲዮቅልጥያኖስ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ግብጽና ሶርያ ግን ከቀዳሚው ባልተናነሰ በከፋው በማክሲሚኖስ ዳያ እጅ ወደቁ።

ስደቱ መንደር ሲደርስ

ገድላት የአደባባዩን ችሎትና ሰይፉን ያሳዩናል። በግብጽ አሸዋ ውስጥ የተገኙት የፓፒረስ ጽሑፎች ደግሞ የዕለት ተዕለቱን አሠራር ያሳያሉ (ፓፒረስ ከአባይ ዳር ደንገል የሚሠራ ወረቀት ነው)።

በጥንቷ ኦክሲሪንኮስ ከተማ ከተገኙት አንዱ የተጻፈው በፌብሯሪ 5 ቀን 304 ነው። አሞንዮስ የተባለ አናጕንስጢስ፣ «የቀድሞዋ» የኪሲስ መንደር ቤተ ክርስቲያን አንባቢ፣ ለመንግሥት ሹማምንት በመሐላ ያስመዘግባል፦ ቤተ ክርስቲያኒቱ ወርቅም፣ ብርም፣ ገንዘብም፣ ልብስም፣ ከብትም፣ ባሪያም፣ መሬትም የላትም፤ የተገኘው ናስ ብቻ ነው፣ እርሱም ወደ እስክንድርያ እንዲላክ ተረክቧል። ከሥር «ፊደል ስለማያውቅ እኔ ፈረምኩለት» የሚል የሌላ ሰው ጽሕፈት አለ። አንባቢ ሆኖ ፊደል የማያውቅ! አንዳንድ አጥኚዎች ግሪክኛ መጻፍ አለመቻሉን ብቻ ነው የሚናገረው ይላሉ፤ ሌሎች በአረማዊ መሐላ ላይ በእጁ ላለመፈረም የፈጠረው ዘዴ ሊሆን እንደሚችል ያስባሉ።

ሌላው ኮፕሬስ የተባለ ሰው ለሚስቱ የላከው ደብዳቤ ነው። ለመሬት ክርክር ከተማ ሲደርስ ችሎት የሚቀርብ ሁሉ አስቀድሞ መሥዋዕት እንደሚያቀርብ ተረዳ። ወዲያው ለ«ወንድሜ» ብሎ ለጠራው ሰው ውክልና ሰጥቶ ጉዳዩ በእርሱ በኩል እንዲካሄድ አደረገ። ክርስቲያን መሆኑ በደብዳቤው ላይ ካሉት ምልክቶች ይታወቃል። ይህ ሰው ክዷል? አልካደም። መስክሯል? አልመሰከረም። በወኪሉ እጅ የተፈጸመውስ በማን ይቆጠራል?

የጴጥሮስ ችግር ይህ ነበር። በአንድ ወገን በፋይኖ የመዳብ ጉድጓድ ውስጥ (በዛሬዪቱ ዮርዳኖስ) ቀኝ ዓይናቸው ወጥቶ የግራ እግራቸው ጅማት በብረት ተተኵሶ የሚማስኑ መስካሪዎች አሉ። በሌላው ወገን ያለ አንዲት ጅራፍ ዕጣን ያጨሱ አሉ። በመካከላቸው ደግሞ እንደ ኮፕሬስ ያሉ፣ ቊጥራቸው ምናልባት ከሁለቱም የሚበልጥ። ሁሉም ከስደቱ በኋላ ወደ አንዲት ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ።

በ306 ፋሲካ የተጻፉት 14 ቀኖናዎች

በአማርኛ «ቀኖና» ሁለት ነገር ይባላል፤ የቤተ ክርስቲያን ሕግና የንስሐ አባት የሚሰጠው ቅጣት። የጴጥሮስ ደብዳቤ ሁለቱንም ነው። መግቢያው ላይ «ስደቱ ከጀመረ አራተኛው ፋሲካ ደረሰ» ስለሚል የተጻፈው በ306 መሆኑ ይታወቃል። ስደቱ ገና አላበቃም፤ ጸሐፊውም ራሱ ተሰድዶ ነበር።

ደብዳቤውን ሲያነቡ የሚበዛው ስሕተት የጊዜ ቊጥሮቹን እንደ ጠቅላላ ቅጣት መውሰድ ነው። በአብዛኛው ቊጥሩ ጭማሪ ነው፤ ሰውየው ከወደቀ ጀምሮ በኀዘን ያሳለፈው ጊዜ ይታሰብለትና በዚያ ላይ ይጨመርበታል። መለኪያውም የድርጊቱ መልክ ብቻ አይደለም። ምን ያህል ተገደደ? ማንን በራሱ ፈንታ አስቀደመ? ከዚያስ ምን አደረገ? ይህ ሁሉ ይመዘናል።

ተይዘው ብዙ ከተሠቃዩ በኋላ ሥጋቸው ደክሞ የወደቁት በሰውነታቸው የክርስቶስን ማኅተም ይዘዋል ይላል ጴጥሮስ። ሦስት ዓመት አልቅሰዋልና ጌታ በጾመበት ልክ 40 ቀን ጾምና ትጋት ተጨምሮባቸው ይቀበሏቸው። ወኅኒ ገብተው፣ የእስር ቤቱን ክፉ ሽታ ታግሠው፣ ግን ሳይገረፉ የተሸነፉት አንድ ዓመት ይጨመርባቸው። የነዚህኞቹ ቅጣት የከበደበትን ምክንያት ሲያስረዳ ወንድሞች እየጠየቁ ያጽናኗቸው እንደነበር ያነሣል። ምንም ሳይደርስባቸው በፍርሃት ብቻ የከዱትን በተመለከተ ደግሞ በወንጌል ያለችውን ፍሬ ያጣች በለስ ምሳሌ ያቀርባል፦ ጌታዋ ሦስት ዓመት መጣባት፣ ገበሬው «ዘንድሮንም ተዋት» አለ። የቀኖናው ተንታኞች ከዚህ አራት ዓመት ብለው ይቆጥራሉ። የማይጸጸቱትን ግን የሚመለከተው ክፍል ልቅሶ ብቻ እንጂ የጊዜ ልክ የለውም፤ ላልመጣ ሰው መመለሻ ቀን አይቈረጥምና።

ከዚያ ወደ ዘዴኞቹ ይሄዳል። የሚጥል በሽታ እንዳለበት መስሎ የታየ፣ በጽሑፍ ያታለለ፣ አረማዊ ሰው በራሱ ስም ልኮ ያሠዋ፦ ስድስት ወር። ምንም እንኳ ዳዊት በጌት ንጉሥ ፊት ያበደ መስሎ ቢያመልጥም አስመሳዮቹ ልጆች እንደሚጫወቱ ጠላትን ተጫውተውበታል፣ ንስሐ ግን ያስፈልጋቸዋል ይላል።

ስድስተኛውና ሰባተኛው ውሳኔ፣ በእኔ አመዛዘን፣ የደብዳቤው ልብ ናቸው። አንዳንድ ጌቶች ክርስቲያን ባሪያዎቻቸውን በራሳቸው ፈንታ ወደ መሠዊያው ልከዋል። ባሪያው በጌታው ሥልጣን ሥር ሆኖ ፈርቶ ሄዷልና አንድ ዓመት ይቀጣ፣ ከእንግዲህ የክርስቶስ ባሪያ መሆኑንም ይማር ይላል። የላከው ጌታ ግን ሦስት ዓመት። በእጁ ዕጣን ያላጨሰው ሰው ካጨሰው ሦስት እጥፍ ተቀጣ፤ አስመስሏል፣ ደግሞም ሌላውን አስገድዷል። የባርነት ሥርዓት ማንም በማይጠይቅበት በ306 ይህ ፍርድ ቀላል ነገር አይደለም።

ወድቀው የነበሩና ራሳቸው ተመልሰው ሄደው የመሰከሩ፣ የታሰሩ፣ የተገረፉ በደስታ ይቀበሏቸው፤ በጸሎቱም በሥጋ ወደሙም ይተባበሩ። ሳይፈለጉ በራሳቸው ወደ ፈራጆች የሮጡትም ከኅብረት አይከለከሉም፤ ነገር ግን ጴጥሮስ አያመሰግናቸውም። ጌታ «ወደ ፈተና እንዳትገቡ ጸልዩ» ብሏል፤ ራሱም ሊይዙት ሲፈልጉ ፈቀቅ ይል ነበር። ወደ ሰማዕትነት የሚሮጥ ሰው ገዳዩን ደግሞ ወደ ኃጢአት ይጎትተዋል የሚል አሳብ ከዚህ ጋር ያያይዛል።

ካህን ሲሆን ሚዛኑ ይለወጣል። በገዛ ፈቃዱ ወደ ችሎት ሄዶ የወደቀ ካህን በኋላ ተመልሶ ቢታገልና ቢመሰክር እንኳ ወደ አገልግሎቱ አይመለስም፤ እንደ ምእመን ይቈርባል። ምክንያቱ መውደቁ ብቻ አይደለም፦ መንጋውን ጥሎ መሄዱ ነው። ሕዝብ በሚፈልገው ሰዓት ለራሱ አክሊል የሮጠ እረኛ እንደማይታመን ጴጥሮስ ደጋግሞ ይናገራል።

የመጨረሻዎቹ ሦስት ውሳኔዎች በዘመኑ ብዙ ሐሜት የነበረባቸውን ሰዎች ነጻ ያወጣሉ። ጉቦ ከፍሎ የተረፈ አይነቀፍ፤ ነፍሱን ለማትረፍ ገንዘቡን ከስሯል። ንብረቱን ጥሎ የሸሸ፣ በእርሱ መሸሽ ሌላ ሰው ቢያዝም፣ አይከሰስ። በኤፌሶን ሕዝቡ ጳውሎስን ፈልጎ ጋይዮስንና አርስጥሮኮስን ያዘ፤ ሐዋርያው ጴጥሮስ ከወኅኒ ሲወጣ ወታደሮቹ ተገደሉ፤ ሄሮድስ ሕፃኑን ፈልጎ የቤተ ልሔምን ልጆች ፈጀ። ለዚህ ሁሉ ያመለጠው ተጠያቂ አልሆነም። በመጨረሻም አፋቸው በብረት ተፈልቅቆ ሥጋና ወይን የተጋቱ፣ እጃቸው በግድ ተይዞ ዕጣን ያስጨበጧቸው ሰዎች እንደ ወደቁ አይቈጠሩም። ከመስካሪዎች ይደመራሉ፤ ካህናትም ከሆኑ ያገለግላሉ። በሊብያ ወኅኒ ያሉ ሰማዕታት ይህንኑ ጽፈውልኛል ይላል።

በቀኖና መጻሕፍት ከእነዚህ ጋር 15ኛ ሆኖ የሚታተመው ስለ ፋሲካ ከጻፈው ሌላ ጽሑፍ የተወሰደ ነው። እርሱን አንባቢው በየሳምንቱ ይኖረዋል፦ ረቡዕ አይሁድ በጌታ ላይ ስለመከሩ፣ ዓርብ ስለተሰቀለ እንጾማለን፤ እሑድ ስለተነሣ ደስ ይለናል፣ አንሰግድበትም።

መሊጥዮስ፦ የሁለት ትረካዎች ግጭት

መሊጥዮስ የሊቆጶሊስ (የዛሬዪቱ አስዩጥ) ኤጲስ ቆጶስ ነበር። ስለ እርሱ ሁለት የማይገጣጠሙ ወሬዎች ደርሰውናል።

የመጀመሪያው ከወኅኒ ነው። ፊልያስ፣ ሔሲክዮስ፣ ጳኩምዮስና ቴዎድሮስ የተባሉ አራት የታሰሩ ጳጳሳት ለመሊጥዮስ ደብዳቤ ጻፉለት። በእኛ አህጉረ ስብከት፣ እኛ በሕይወት እያለን፣ ጴጥሮስንም ሳትጠይቅ ካህናት ሾመሃል፤ በሌላው ሀገረ ስብከት መሾም ደግሞ ከአባቶች ጀምሮ የተከለከለ ነው አሉት። ምን ብሎ እንደሚመልስ ገምተውም ነበር፦ መንጋው ያለ እረኛ ስለቀረ ነው ትል ይሆናል፤ ሆኖም የሚጎበኟቸው ሰዎች ተመድበዋል፣ ጉድለት ካለም ለእኛ ይነገር ነበር። አራቱም በኋላ ተገደሉ። ከዚያ መሊጥዮስ ወደ እስክንድርያ ገብቶ ጴጥሮስ የተካቸውን ካህናት እንዳወገዘና ሁለት ሰዎችን፣ አንዱን በወኅኒ አንዱን በማዕድን ጉድጓድ፣ እንደሾመ ተጽፏል። ጴጥሮስም ለእስክንድርያ ሕዝብ በአጭሩ ጻፈ፦ ከአዋቂዎች ጋር ሆኜ ነገሩን እስክመረምር ከእርሱ ጋር አትተባበሩ።

ሁለተኛው ትረካ በ370ዎቹ የጻፈው የቆጵሮሱ ኤጲፋንዮስ ነው። እንደ እርሱ ጠቡ የተነሣው በሹመት አይደለም፣ በንስሐ ነው። ጴጥሮስና መሊጥዮስ አብረው ታስረው ሳለ ስለ ወደቁት ተከራከሩ፤ ጴጥሮስ ቶሎ እንቀበላቸው ሲል መሊጥዮስ ስደቱ ሳያበቃ አይሆንም አለ። ጴጥሮስ በወኅኒው መካከል መጎናጸፊያውን ዘርግቶ «ከእኔ የሚስማማ ወደ እኔ፣ ከመሊጥዮስ የሚስማማ ወደ እርሱ» አለ። ብዙው ወደ መሊጥዮስ ሄደ። ወገኖቹም ራሳቸውን «የሰማዕታት ቤተ ክርስቲያን» ብለው ጠሩ።

የትኛው ይታመናል? የአራቱ ጳጳሳት ደብዳቤ በዘመኑ፣ በጉዳዩ ውስጥ ባሉ ሰዎች የተጻፈ ነው። ኤጲፋንዮስ ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ የጻፈ ሲሆን ወሬውንም ከመሊጥዮስ ወገኖች የሰማ ይመስላል። በኋላ የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት የሆነው አትናቴዎስ በበኩሉ መሊጥዮስን ጴጥሮስ በጉባኤ የሻረው በብዙ ጥፋትና ለጣዖት በመሠዋት ነው ይላል፤ እርሱ ግን በኋላ ከመሊጥዮሳውያን ጋር መራራ ጠብ የነበረው ሰው ነውና ይህን ክስ በጥንቃቄ መያዝ ይገባል። እንደ መሊጥዮስ በማዕድን ጉድጓድ የተሠቃየ ሰው ሠውቶ ነበር ማለትም ሌላ ማስረጃ ይፈልጋል። እኔ የማመዝነው መነሻው የሹመት ወሰን መጣስ እንደሆነ፣ የንስሐው ክርክር ደግሞ ጠቡን ሕዝባዊ እንዳደረገው ነው። ስለ ሀገረ ስብከት ወሰን የሚነሣ ክርክር ብቻውን ተራውን ምእመን ለሁለት አይከፍልም። «ጎረቤቴ ሠውቶ እያለ ከእኔ ከተገረፍኩት ጋር እኩል ይቈርባል» የሚለው ቁጣ ግን ይከፍላል። በሰሜን አፍሪካም በዚያው ዘመን መጻሕፍትን ለአሳዳጆች ባስረከቡ ሰዎች ጉዳይ የዶናቶስ ወገኖች ተለይተው ወጥተዋል።

አርዮስን ያወገዘው ጴጥሮስ ነውን?

በስንክሳሩ የሚነበበው ታሪክ ይህ ነው፦ ጴጥሮስ ታስሮ ሳለ አርዮስ እንዲፈታው አማላጆች ላከ። ጴጥሮስ ግን ክርስቶስን ልብሱ ተቀዶ አየው። ማን እንደቀደደው ሲጠይቅ «አርዮስ» አለው። ደቀ መዛሙርቱን አኪላስንና እለእስክንድሮስን እንዳይቀበሉት አዘዘ። ይህ ራእይ በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ሲሣል ኖሯል።

የታሪክ ምሁራን ችግር የሚያዩት በጊዜው ነው። የአርዮስ ትምህርት ክርክር የፈነዳው በ318 አካባቢ፣ በእለእስክንድሮስ ዘመን ነው፤ ጴጥሮስ ካረፈ ሰባት ዓመት ያህል በኋላ። በ5ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ሶዞሜኖስ ሌላ ምክንያት ይሰጣል፦ አርዮስ አስቀድሞ ከመሊጥዮስ ጋር ነበር፤ ትቶት ወጥቶ ከጴጥሮስ ዲቁና ተቀበለ፤ ጴጥሮስ የመሊጥዮስን ወገኖች ሲያወግዝ ስለተቃወመ እንደገና ተለየ። ይህን የሚቀበሉ አሉ፤ በመሊጥዮስ ጊዜ የተጠቀሰው አርዮስ ስሙ ብቻ የተመሳሰለ ሌላ ሰው ነው የሚሉም አሉ። እንደ ትውፊቱ ውግዘቱን የሚቀበል አንባቢም ቢሆን ሁለቱን ነገሮች ለይቶ ቢይዝ ይጠቀማል፦ ጴጥሮስ አርዮስን ለየው ማለት አንድ ነው፤ ኒቅያ ባወገዘችው ትምህርት ምክንያት ለየው ማለት ግን ሌላ ነው።

ሞቱ፣ መዓርጉና ቀኑ

ንጉሠ ነገሥቱ ገሌሪዮስ በኤፕሪል 30 ቀን 311 የምሕረት ዐዋጅ አውጥቶ በቀናት ውስጥ ሞተ። እስረኞች ተፈቱ፣ ከጉድጓዱም የተረፉት ተመለሱ። ዕረፍቱ ስድስት ወር ያህል ብቻ ቆየ። ማክሲሚኖስ በምሥራቁ ግዛት ስደቱን ሲያድስ ጴጥሮስ ተያዘ። አውሳብዮስ የሚነግረን አጭር ነው፦ ያለ አንዳች ምክንያት በድንገት ተያዘ፣ እንደ ማክሲሚኖስ ትእዛዝ ሆኖ አንገቱ ተቀላ፣ ከእርሱም ጋር ብዙ የግብጽ ጳጳሳት ተገደሉ።

የቀረውን የሚነግረን ገድሉ ነው። ሕዝቡ ወኅኒውን ከብቦ «እርሱ ከሚሞት እኛ» አለ። ጴጥሮስ እልቂት ፈርቶ ወታደሮቹ በሌሊት የወኅኒውን የኋላ ግድግዳ እንዲነድሉ፣ እርሱም ከውስጥ እያንኳኳ እንደሚያመለክታቸው ላከባቸው። በቅዱስ ማርቆስ መቃብር ጸለየ። ወታደሮቹ ሰይፍ ለማንሣት ስለፈሩ አለቃቸው 25 ወርቅ አቅርቦ አንዱን አደፋፈረ። ሕዝቡም ሬሳውን ወስዶ በሕይወቱ በትሕትና ሳይቀመጥበት በኖረው በማርቆስ መንበር ላይ አስቀመጠው። ይህ ትረካ በኋላ ዘመን የተጻፈ ቢሆንም አንድ ነገሩ ከደብዳቤው ጋር ይስማማል፤ በ306 «በእናንተ መሸሽ ሌላው ቢያዝ አትከሰሱም» ያለው ጳጳስ በ311 በእርሱ ምክንያት ሌላ ሰው እንዳይሞት ግድግዳ አስነደለ።

«ተፍጻሜተ ሰማዕት» ማለት ከእርሱ በኋላ ማንም አልተሰዋም ማለት አይደለም። የአንጾኪያው ካህን ሉቂያኖስ የተገደለው በጃንዋሪ 7 ቀን 312፣ ከጴጥሮስ ስድስት ሳምንት ያህል በኋላ ነው። መዓርጉ በእስክንድርያ መንበር ከተቀመጡት መካከል በአረማዊ ነገሥታት ስደት የመጨረሻው ሰማዕት መሆኑን ያመለክታል።

ቀኑ ኅዳር 29፣ በእኛ 304 ዓ.ም.፣ በዓመተ ሰማዕታት 28 ነው። በአብዛኛው ዓመት ይህ ቀን በጥንቱ የሮም (የዩልዮስ) አቆጣጠር ኖቬምበር 25፣ በዛሬው የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ዲሴምበር 8 ይውላል። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ግን በአንድ ቀን ይገፋል፤ 303 ዓ.ም. ደግሞ ጳጉሜን 6 የሆነችበት ዘመነ ሉቃስ ነበር። ስለዚህ በመጻሕፍት አንዴ 25 አንዴ 26 ተብሎ ሲገኝ አንዱ ሐሰት ነው ብሎ መነሣት አያስፈልግም።

ኒቅያ መሊጥዮስን እንዴት ዳኘች?

ጴጥሮስን የተካው አኪላስ ብዙ አልቆየም፤ እለእስክንድሮስ በ313 ተሾመ። በ325 ጉባኤው ሲሰበሰብ መሊጥዮስ በሕይወት ነበር፤ ለእለእስክንድሮስ ያስረከበው የጳጳሳቱ ስም ዝርዝር ወደ 30 የሚጠጋ ነው። በግብጽ ከመንደር እስከ ከተማ ትይዩ ሌላ መዋቅር ቆሞ ነበር ማለት ነው።

ፍርዱ ለዘብ ያለ ነበር። መሊጥዮስ የጳጳስነት ስሙን ይዞ በከተማው ይቀመጥ፣ ከእንግዲህ ግን ማንንም አይሹም። እርሱ የሾማቸው «ይበልጥ በተቀደሰ አንብሮተ እድ» ጸንተው ያገልግሉ (አንብሮተ እድ ሹመት የሚሰጥበት የእጅ መጫን ሥርዓት ነው)፤ ሆኖም እለእስክንድሮስ ከሾማቸው በኋላ ሁለተኛ ይሁኑ። በሥፍራው ያለው ሲሞት፣ ሕዝቡ ከመረጣቸውና የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ካጸደቀላቸው ይተኩ። ከዚህ ጋር አራተኛው ቀኖና አንድን ጳጳስ የአውራጃው ጳጳሳት ሁሉ፣ ካልሆነም ከሦስት ያላነሱ፣ በሌሎቹ የጽሑፍ ስምምነትና በሊቀ ጳጳሳቱ ማጽደቅ እንዲሾሙት ደነገገ። ስድስተኛው የእስክንድርያን ሥልጣን በግብጽ፣ በሊብያና በጰንጠጶሊስ ላይ አጸና። አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን ለአክሱም የሾመው በዚህ መንበር ተቀምጦ ነው። በኋላ ዘመን በኒቅያ ስም የተጨመረና ኢትዮጵያ የራሷን ሊቀ ጳጳሳት እንዳትሾም የሚከለክል አንቀጽ ከዚህ የተለየ ነው፤ በ325ቱ 20 ቀኖናዎች ውስጥ የለም።

ከ2015ቱ ጉዳይ ጋር ማነጻጸር የሚፈልግ ሰው ልዩነቱን መርሳት የለበትም። በግብጽ ጳጳሳቱ ወኅኒ ነበሩ፤ በኢትዮጵያ ሲኖዶሱ በመንበሩ ነበር። የቋንቋና የአስተዳደር ጥያቄም በመሊጥዮስ ጉዳይ ሲነሣ አንሰማም። የሚመሳሰለው አሠራሩ ነው፦ «ሕዝቡ ያለ እረኛ ቀረ» የሚለው ምክንያት፣ «ጉድለት ካለ ለእኛ ይነገር» የሚለው መልስ፣ ከዚያም የተሾሙትን ሙሉ በሙሉ ሳይሽሩ ወይም ሙሉ በሙሉ ሳይቀበሉ በመካከል የሚፈለገው መውጫ። የኒቅያ መውጫ በወረቀት ላይ የተስተካከለ ነበር። እለእስክንድሮስ በ328 ሲያርፍና አትናቴዎስ ሲተካ ግን ስምምነቱ ፈረሰ፤ መሊጥዮሳውያን መነኮሳት እስከ 8ኛው ክፍለ ዘመን በግብጽ ይጠቀሳሉ።

የጴጥሮስንና የአራቱን ጳጳሳት ደብዳቤዎች ለብዙ ዘመን ያቆየው በኢጣልያ በቬሮና ያለ አንድ የላቲን መጽሐፍ ብቻ ነበር። ከ1990ዎቹ ወዲህ በምሥራቅ ትግራይ የተገኘ፣ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን የማያንስ ዕድሜ ያለው ብራና ሁኔታውን ቀየረው። የግእዝ ጽሑፎች ተመራማሪው አሌሳንድሮ ባውሲ ባጠናው በዚህ ስብስብ ውስጥ የእስክንድርያ ጵጵስና ታሪክ ይገኛል፤ የመሊጥዮስንም ጠብ ከቬሮናው በሰፋ ሁኔታ ይዟል። ትርጕሙ በአክሱም ዘመን ከግሪክ በቀጥታ የተሠራ ነው። ኅዳር 29 የምንሰማው ስንክሳር ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ስለሆነ፣ የጴጥሮስን ክርክር የሚናገረው ግእዝ በስንክሳሩ ሞቱን ከሚተርከው ግእዝ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል።